አበባየሆሽ ይል የነበረው ልጅ

እሑድ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2017

ጠዋት ቦሌ አረፍኩ። ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ራይድ ጠርቼ ወደ ስድስት ኪሎ አመራሁ። መንገዱ ሌላ ሆኗል። የእግረኛው ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ገብቶለታል፣ ሣሩ ተከርክሟል። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ "ኮሪደሩን እንዴት አየሽው?" አለ። "ያምራል" አልኩት። ከልቤ ነው። ፒያሳ ስንደርስ ግን ቃል ጠፋኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። በፎቶ አይቼው ነበር፤ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። የእኛ በር የት ጋ እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

አክስቴ ከዚያ ከተነሳች በኋላ ስድስት ኪሎ ሁለት ክፍል ተከራይታለች። እትዬ ነው የምንላት። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነበር የሚላት። አቅፋኝ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ምሳ አቀረበች።

የመጣሁት እንቁጣጣሽን ከእሷ ጋር ለማሳለፍ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። የልጅነት ጓደኛዬን ማግኘት እፈልጋለሁ። ስሙን አልጽፍም። እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ፤ ይህን ከማውጣቴ በፊትም አንብቦት እሺ ብሎኛል። ተወዛዋዥ ነው። ሠርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ በበዓል ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ ከዘፋኙ ጀርባ ተደርድረው እስክስታ ከሚመቱት አንዱ ነው። ወንድ የሚወድ ወንድ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት በአማርኛ ጽፌው አላውቅም።

የእሱን ነገር ለማውራት ከእንቁጣጣሽ መጀመር አለብኝ። በእኛ ሰፈር ደንቡ ግልጽ ነበር። ቡሄ የወንዶች ነው። ዱላቸውን መሬት ላይ እየደለቁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ሙልሙላቸውን ይቀበላሉ። እንቁጣጣሽ ላይ ደግሞ አበባየሆሽ የምንለው ሴቶቹ ነን። ወንዶቹ በወረቀት አበባ ስለው በየቤቱ ያድላሉ፣ ሳንቲም ይሰጣቸዋል። እሱ ሥዕሉን ሲነጋ ጨርሶ ያድልና እየሮጠ ወደ እኛ ይመጣል። ከበሮ አልነበረንም። ቢጫ ጀሪካን ነበረን። ጀሪካኑን ከእጃችን ተቀብሎ በሁለት መዳፉ ሲመታው ዜማው ይለወጣል። እኛ "ለምለም" የምንለው እሱን ተከትለን ነው። ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቶች በር ላይ ወጥተው "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ብለው ይስቃሉ፣ ጨምረው ይሰጡናል። እሱ ያለበት ዓመት ገንዘባችን ይበዛል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ "ሴታሴት" ብሎ በሩን ዘጋ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ አባቱ ጋ ደረሰ። ጀሪካኑን አባቱ በእግሩ ረግጦ ሲሰነጥቀው እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ከምሳ በኋላ ወረደ። ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው ግቢው መሃል ይጮሃሉ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ እኛም እንዲሁ ነበር የምናደርገው። እትዬ ከደጃፉ የወረደውን ውኃ በእጇ ተቀብላ ግንባሬን ቀባችኝ።

ዝናቡ ሲያባራ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተገናኘን። ከሩቅ አወቅኩት። አረማመዱ አልተለወጠም፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ማኪያቶ አዘዝን። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ስለ ሞቱ ሰዎች አወራን። ማን ሞተ፣ ማን ተሰደደ፣ ማን የት ኮንዶሚኒየም ደረሰው።

ከዚያ ስለ 2015 ክረምት ነገረኝ።

አንድ ሠርግ ላይ እንግዳ የነበረ ሰው ሲጨፍር በስልኩ ቀረጸው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው እስክስታ ብቻ ነው። ከሥር ግን የተጻፈ ነገር ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ስልክ ለስልክ ዞሮ የቡድኑ አለቃ ጋ ደረሰ። "ለጊዜው አትምጣ" ተባለ። አከራዩ በሳምንቱ "ቤቱን ለወንድሜ ልጅ ልሰጠው ነው" አሉት። ደግ ሰው ነበሩ፣ አለኝ። ሲያስወጡትም ዓይኑን ማየት አልቻሉም።

ያ ክረምት ለብዙዎች ክፉ ነበር። የሰዎች ፎቶና ስም ቲክቶክ ላይ እየተለጠፈ ግረፏቸው፣ ውጓቸው የሚሉ ቪዲዮዎች ተሰራጭተው ነበር። ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የሚባለው በኢትዮጵያውያን የተቋቋመ የመብት ቡድን ይህን በይፋ አውጥቶ ተናግሯል። በዚያው ነሐሴ የከተማው ሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ ባሮችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ፣ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። ሕጉ ከዚያ በፊትም ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ላይ ነበር። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል። አዲሱ ነገር ጎረቤት ሁሉ ጠቋሚ እንዲሆን መጠራቱ ነው።

በዚያ ሰሞን መልእክት ልኮልኝ ነበር። "አለሽ?" የሚል ብቻ። የመለስኩለት በአራተኛው ቀን ነው። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ከእሱ ጋር መጻጻፌን ሰው ቢያውቅስ ብዬ፣ ውቅያኖስ ማዶ ቁጭ ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። "መልሰሽ የለ እንዴ" አለኝና ስኳሩን ወደ እኔ ገፋው።

ስንለያይ አንድ ቃል አስተማረኝ። ሬዲዮው ላይም መድረኩ ላይም ለእነሱ ያለው ስም ግብረ ሰዶም ነው፤ ገና ሲጠራ እሳትና ዲን የያዘ ቃል። መንገድ ላይ ያለው ስድብ ደግሞ ለመጻፍም ይከብዳል። እነሱ እርስ በርሳቸው ዜጋ ነው የሚባባሉት። "እሱ ዜጋ ነው፣ እሷ ዜጋ ናት።" ቤት ስገባ ቃሉን ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። ከዚህ በላይ ልክ የሆነ ስም ማን ሊያወጣ ይችላል?

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ዛሬ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከተማው ባንዲራ ለብሷል። ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሁሉም ቦታ ስለ ግድቡ ነው። እሱም ባንዲራ ያለበት ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መጣ። ቦንድ ገዝቷል። ከሠርግ ጭፈራ በሚያገኛት ገንዘብ ነው የገዛው።

አብረን በእግር ወረድን። ከፒያሳ ተነስተን መጀመሪያ ሀገር ፍቅር ደጃፍ ቆምን። በ1927 የተቋቋመ ቤት ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት። በቸርችል ጎዳና አድርገን ብሔራዊ ቴአትር ደረስን፤ እሱ በ1948 ነው የተከፈተው። ከአንበሳው ሐውልት ሥር ቆመን የድሮ ነገር አነሳን። ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር በነበረበት ዘመን የሴቱን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሁላችንም በልጆች ፕሮግራም ያደግንባቸው አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በወጣትነታቸው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። በኋላ እነ ሰላማዊት ገብረሥላሴ መጥተው መድረኩ የሴቶችም ሆነ። ይህን ሳነሳ ስለማንም የግል ሕይወት እያወራሁ አይደለም። የማወራው ስለ ተመልካቹ ነው። ያ ተመልካች ቀሚስ የለበሰ ወንድ አይቶ ከተማው አልፈረሰበትም። ሙያ ነው ብሎ ተቀበለ፣ አጨበጨበ።

ዛሬም ያጨበጭባል። ኮሜዲያን ሻሽ አስሮ፣ ነጠላ ደርቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ ጎረቤት ስታማ ሲያሳይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይስቃል። እኔም ስቄ አድጌያለሁ። የሚከብደኝ ሳቁ አይደለም። የሚከብደኝ ሌላ መንገድ አለመኖሩ ነው። እንደ እሱ ያለ ሰው መድረክ ላይ የሚታየው ወይ ሊሳቅበት ነው፣ ወይ ከዘፋኙ ጀርባ ተሰልፎ ማንነቱ ሳይጠየቅ ነው። ቋንቋችንም ያደላል። ሠርግ ቤት አንዲት ሴት ተነስታ ብትፎክር ቤቱ በእልልታ ይናወጣል። "ወንድ ናት!" ትባላለች፤ ሙገሳ ነው። ወንዱ ወገቡን ትንሽ ካለሰለሰ ግን ያ የሰውዬው ቃል ይመጣል።

ማታ አዝማሪ ቤት ሄድን። ድሮ ቢሆን ካሳንቺስ ነበር የምንሄደው። ካሳንቺስም በዚህ ዓመት ፈርሷል፤ አዝማሪዎቹ ተበታትነዋል። ስታዲየም አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት አገኘን። ጠጅ አዘዝን። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በየጠረጴዛው ይዞራል። ለእኔ ስለ ዶላር ዘፈነልኝ። ጓደኛዬ ግን ዜማው ሲሞቅ መቀመጥ አቃተው። ተነሳ።

እስክስታውን እንዴት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ምንም አያደርግም። ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ ቀኝ ትከሻው ብቻ፣ ዝንብ እንዳረፈበት ያህል፣ አንዴ ይነቀነቃል። ግራው ይመልስለታል። አንገቱ ይከተላል። ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ደረቱ ሲፈታ ሸሚዙ ብቻውን የሚጨፍር ይመስላል። ቤቱ ዝም አለ። አዝማሪው ተጠጋውና ተቀበል ብሎ እንዲህ አወረደ፦

ትከሻህ ሲያወራ አፍህ ዝም ይላል፤
የገባው ገብቶታል ያልገባው ይስቃል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እጄ ቀዘቀዘ። እያጋለጠው ነው ወይስ እያባበለው? ሰምና ወርቅ የሚባለው ይህ ነው፤ ወርቁን የሚያውቀው ዘፋኙና የተዘፈነለት ብቻ ናቸው። ጓደኛዬ ጭፈራውን አላቆመም። ከኪሱ ሁለት መቶ ብር አወጣና አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈለት። አዝማሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በኋላ ስጠይቀው "ሰውየው ያውቀኛል፤ ግን ሰም ውስጥ ነው ያስቀመጠኝ" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን ነገር ሳስብ አደርኩ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5

የዋዜማ ግርግር። ዶሮ፣ ቅቤ፣ ቄጤማ። ከእትዬ ጋር ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስንከትፍ ዋልን። እየከተፍን ጠየቅኳት። ታውቃለች? ስለ እሱ?

ቢላውን አላቆመችም። "በእኛ ጊዜ ወንዳገረድ ይሉ ነበር። እግዜር እንዲህ ፈጠረው ይሉና ዝም ነው" አለች። እትዬ በየቀኑ ኪዳን የምታደርስ ሴት ናት። የቤተክርስቲያን ትምህርት ምን እንደሚል ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ እሱንም አትክድም። ትንሽ ቆይታ ግን "እኔ የማውቀው ልጄን ነው። ነገ ይምጣ በይው" አለች።

ማታ ሰፈሩ ችቦ ለኮሰ። እሱም መጣና በረንዳው ላይ ቆመን እሳቱን እያየን "እዚያ እንዴት ነው?" አለኝ። ጥቅምት ላይ ዋሽንግተን ውስጥ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ስለሚደረገው ሩጫ ነገርኩት። ወንዶች ቀሚስና ዊግ አድርገው፣ ረጅም ታኮ ተጫምተው ይሮጣሉ። በፈረንጆች 1986 የተጀመረ ነው፤ ዛሬ የከተማው አስተዳደር ራሱ ያዘጋጀዋል። ከሥራ ስወጣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ፓርኪንግ የሚሠሩ ሁለት የአገራችን ልጆችም አጠገቤ ቆመው ነበር። አንዱ ፊቱን አዞረ፣ አንዱ እየሳቀ አጨበጨበ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ "በዚያ ታኮ እግራቸው አይዞርም?" ነው። የባለሙያ ጥያቄ። ቀጥሎ "ዳር ቆሞ የሚያየው ማነው?" አለኝ። ሁሉም፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ሳይቀሩ፣ አልኩት።

"የእነሱም እናቶች?"

"አንዳንዶቹ።"

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። "እኔ ሰልፍ አልፈልግም" አለ በመጨረሻ። "እዚህ ሰልፍ ያደረገ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ሠርግ ላይ ጨፍሬ ስጨርስ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ እራት መብላት ነው። ሳልጣደፍ። ማን አየኝ ሳልል።"

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች መታየት ነጻነት ነው እያልን እንጽፋለን። እኔም ብዬ አውቃለሁ። እሱ እድሜውን ሙሉ ታይቷል። ሺህ ሠርግ ላይ ታይቷል። እንዲተርፍ ያደረገውም፣ ቤቱን ያሳጣውም ያው መታየት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የሚቀድመው በሰላም መኖሩ ነው። ይህን ከእሱ ነው የተማርኩት።

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018

ዘመነ ማርቆስ ገባ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አምስት ሴቶች ልጆች፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ የእውነት ከበሮ ይዘው። ሲዘፍኑ አንዷ ግጥሙ ጠፍቷት ሌላዋን በክርኗ ነካቻት። እትዬ ከመቀነቷ ብር ፈታችላቸው። ኋላ ላይ አንድ ልጅ የአበባ ሥዕል ሰጠን። ፎቶ ኮፒ ሆኖ በእርሳስ ቀለም የተቀባ ነው። ቡፌው ላይ አቆምኩት።

እሱ በምሳ ሰዓት መጣ። ነጭ ለብሷል። ቄጤማውን ረግጦ ሲገባ እትዬ ተነስታ ጉንጮቹን አራት ጊዜ ሳመችው። "ከዘመን ዘመን ያሸጋግርህ" አለችው። ዶሮው ቀረበ። እንቁላሉን ለእሱ አወጣችለት፤ ፈረሰኛውም ለእሱ ሆነ። ተቃወምኩ። "ዝም በይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ" አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ቡና ተፈላ፣ ቴሌቪዥን ተከፈተ። የበዓል ዝግጅት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር የተቀዳው፣ አለን። መጀመሪያ ጭውውት መጣ። አንድ ወንድ ነጠላ ለብሶ የቤት እመቤት ሆኖ ይጫወታል። እትዬ ሳቀች። እኔ ጓደኛዬን አየሁት። እየሳቀ አልነበረም፣ አልተከፋም። አንገቱን አስግጎ በጥንቃቄ ያያል።

"እትዬ፣ ነጠላውን አየሽልኝ? ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊቱ አድርጎ ለብሶታል። ይሄ እኮ የሐዘን አለባበስ ነው። ለበዓል እንዲህ ይለበሳል?"

እትዬ መነጽሯን አደረገች። "ውይ! እውነቱን ነው። በአዲስ ዓመት!"

ከወንበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የእሷን ነጠላ አንስቶ ተነሳ። ትከሻው ላይ ጣለው፣ ጥለቱን ወደ ታች አወረደው፣ በግራ እጁ ጫፉን ሰብሰብ አድርጎ ያዘ። ምንም አልቀለደበትም። ድምፁን አላቀጠነም። እትዬ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እጇን ዘርግታ ትከሻው ላይ የተጣጠፈውን አንድ እጥፋት አስተካከለችለት።

"አሁን ልክ ነው" አለች።

ዘፈኑ ሲጀምር ነጠላውን አጥፎ መለሰላትና መሬት ላይ ተቀመጠ። ካሜራው ዘፋኙ ላይ ነው። ከኋላ፣ ከግራ ሦስተኛው፣ ግማሽ ፊቱ በዘፋኙ ትከሻ የተከለለ፣ እሱ ነው። እትዬ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

"ያው! ያው እሱ!" ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ካሜራው ዞረ፣ እሱ ጠፋ። ጣቷን አላነሳችም። ተመልሶ እስኪመጣ ትጠብቃለች።